ምዕራፍ አራት፦ የተቆለፈው ጎተራ

ክረምቱ ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ ከሸኪ ከተማ ወጣ ብሎ በደዶ ደጋ ላይ ባለ አንድ ማሳ ዳር ተቀምጬ ሁለት የገብስ ነቀላዎችን ጎን ለጎን አጋድሜ አየሁ። ሁለቱም ከአንድ ስልቻ የወጣ ዘር ናቸው፤ በአንድ ቀን ተዘርተው አንድ ዝናብ ጠጥተዋል። የመጀመሪያውን የነቀልኩት ከባለማሳው ጓሮ አጥር ሥር ነው። ሥሩ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርግጎ፣ አፈር እንደታቀፈ ወጣ፤ አፈሩን ለማራገፍ ሁለት ሦስቴ ጉልበቴ ላይ መታ መታ ማድረግ ነበረብኝ። ሁለተኛው ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ከተዳፋቱ ላይ የመጣ ነው። ስስበው ያለ ምንም ትግል እጄ ላይ ቀረ። ሥሩ አጭር፣ ወፈር ያለ፣ ቡናማ ነው፤ ጫፉ ዱልዱም ሆኗል፤ ቀጫጭን የሥር ፀጉሮች የሉትም ማለት ይቻላል። በጣቴ ጎንበስ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የታችኞቹ ቅጠሎች ደግሞ ጫፋቸው ወደ ሐምራዊ ይወስዳቸዋል።

«ማዳበሪያ አላደረጉበትም እንዴ፣ አባባ?» አልኳቸው ባለማሳውን።

«አድርጌ ነበር እንጂ፣ ልጄ። ይሄ መሬት ማዳበሪያውን ራሱ ይበላዋል። ለገብሱ አያስተርፍለትም።»

አነጋገራቸው ምሬት ብቻ ሊመስል ይችላል። ከኬሚስትሪው ጋር ሲመዘን ግን አንድ ቃል የሚወድቅ የለውም። መሬቱ በእርግጥም ማዳበሪያውን ይበላዋል፤ እንዴት እንደሚበላውም ይታወቃል። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አፈርና ስለ ተክል ሳስብ የምነሳው ከዚህች አነጋገር ነው። ተክል የሚራበው ጎተራው ባዶ ሲሆን ብቻ አይደለም፤ ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ ሲጠፋም ይራባል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን አላይ እንደሚባለው ነው። ይህን ጉዳይ ሁለት በምንም የማይገናኙ የሚመስሉ ቦታዎች አፍ አውጥተው ይናገሩታል፤ አንዱ ይህ የደዶ ቀይ አፈር ነው፣ ሌላው በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የተዘረጋው፣ ዛፍ የማያውቀው ቱንድራ።

መጀመሪያ የራሳችንን እንይ።

የደዶን አፈር ለማወቅ አንድ ጓል አንስቶ መስበር ይበቃል። ጓሉ ሲሰበር በማዕዘን በማዕዘን ይለያያል፤ አዲስ የተገለጠው ፊቱም ቅባት የነካው ያህል ያብለጨልጫል። የአፈር ሊቃውንት ኒቲሶል ብለው የሰየሙት ለዚህ ነው፤ ስሙ አብለጭላጭ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። በጅማ ዙሪያ የሚበዛው አፈር ይህ ነው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ቀዝቅዞ ጥቁር ባዛልት ድንጋይ ሆነ፤ ድንጋዩ በሙቀትና በዝናብ እየተፈረፈረ ሸክላ ሆነ፤ በውስጡ የነበረው ብረት ደግሞ ዝጎ ቀይ ቀለም ሰጠው። የኦሮሞ ገበሬ ቢዬ ዲማ፣ ቀይ አፈር፣ ብሎ ይጠራዋል። ጥልቅ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፤ ሥር ሁለትና ሦስት ሜትር ወርዶ ይገኝበታል። ከሐሩር ክልል አፈሮች ሁሉ በለጋስነታቸው ከሚጠሩት አንዱ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ላይ ገብስ በረሃብ ሐምራዊ ሆነ ሲባል የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እኛ በረከት ከምንለው ነገር፣ ከዝናቡ ነው። ጅማና ዙሪያዋ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛሉ። ይህ ውሃ በአፈሩ ውስጥ እያለፈ ሲወርድ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ፖታሲየሙን በጥቂት በጥቂቱ አጥቦ ይወስዳል። በለቀቁት ቦታ ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይቀመጣሉ፤ አፈሩ ይኮመጥጣል። ኩምጣጤው የሚለካው ፒኤች በሚባለው መለኪያ ነው፤ 7 ገለልተኛ ሲሆን ከዚያ በታች አሲድ ነው። አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲዱ 10 እጥፍ ስለሚጨምር፣ ፒኤቹ 5 የሆነ አፈር 7 ከሆነው 100 እጥፍ ይበልጥ አሲዳማ ነው።

አሉሚኒየም የመሬት ቅርፊት ውስጥ ከብረታ ብረት ሁሉ የሚበዛው ነው፤ በክብደት 8 በመቶ ያህሉን ይይዛል። በሸክላው ውስጥ ታስሮ እስካለ ድረስ ለማንም ጉዳት የለውም። ፒኤቹ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ግን ይሟሟና በአፈሩ ውሃ ውስጥ ይለቀቃል። የሚያጠቃው የሥሩን ጫፍ ነው፤ ሥር የሚረዝመው በዚያች በጥቂት ሚሊ ሜትር በምትለካ ጫፍ ስለሆነ፣ ጫፏ ስትታመም ሥሩ ባለበት ይቆማል፣ ይወፍራል፣ ይሰባበራል። ከተዳፋቱ ያመጣሁት ገብስ ሥር የነገረኝ ይህንን ነበር። አጭር ሥር ያለው ተክል እታች ያለውን ውሃ አይደርስበትም፤ ዝናብ ለአሥር ቀን ቢጠፋ፣ ጎረቤቱ ሳይነካው እሱ ይጠወልጋል።

ማዳበሪያውን መሬት የሚበላው ደግሞ እንዲህ ነው። ተክል ከማዳበሪያው በጣም የሚፈልገው አንዱ ነገር ፎስፈረስ ነው። ያ ቅጠል ላይ የሚታየው ሐምራዊ ቀለም የፎስፈረስ ረሃብ ምልክት ነው። በአሲዳማ ቀይ አፈር ውስጥ ፎስፈረሱ ከተበተነ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ብረትና አሉሚኒየም ይይዙታል፤ ይዘውም አይለቁትም። ገብሱ በመጀመሪያው ዓመት ከተጨመረለት ፎስፈረስ ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ ላያገኝ ይችላል። ቀሪው የትም አልሄደም፤ እዚያው ማሳ ውስጥ ነው፤ ቤተ ሙከራ ወስዶ በጠንካራ አሲድ ያሟሟው ሰው ያገኘዋል። ሥሩ ግን አያገኘውም።

ታጥቦ የሄደውስ የት ደረሰ? ከደዶ ተዳፋት የሚወርደው ውሃ ወደ ጎጀብ ይገባል፤ ጎጀብ ኦሞን ይቀላቀላል፤ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። ቱርካና መውጫ የለውም፤ ከሚገባለት ውሃ 90 በመቶ ያህሉን የሚያገኘውም ከኦሞ ነው። ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ የተሸከመው ጨው ይቀራል። ስለዚህ የሐይቁ ውሃ የደዶ አፈር ተቃራኒ ነው፦ አልካላይን፣ ሲጠጡት የሚመር። የደጋው ሰው መሬቴ ኮመጠጠ ሲል፣ እታች በረሃው ውስጥ ያለው ሐይቅ ከዚያው ከደጋው የወረደውን እያጠራቀመ ነው። ካርታ ላይ ይህን የውሃ መንገድ በጣቴ ስከተል ሁልጊዜ ልቤን የሚነካኝ ነገር አለ፤ ሁለት ችግር ብለን የምንጽፈው ከአንድ ተራራ የሚነሳ የአንድ ውሃ ታሪክ ነው።

ዝናቡ ብቻውን ግን ይህን ያህል ባልጎዳ ነበር። ለዚህ ምስክሩ ከማሳው ዝቅ ብሎ ያለው የቡና ጫካ ነው።

ደዶ ከታች ከጎጀብ ሸለቆ ቆላ ተነስቶ ከ2000 ሜትር በላይ ወዳለው ደጋ የሚወጣ አገር ነው፤ ቡናው መሃል ላይ፣ ወይናደጋው ውስጥ፣ በሰሳና በቢርቢራ፣ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ይገኛል። ያ አፈርም ከዚያው ባዛልት የወጣ፣ በዚያው ዝናብ የታጠበ ነው። ልዩነቱ ከላይ ነው። እዚያ ገብቶ ተንበርክኮ ቅጠሉን በእጅ ገለጥ ያደረገ ሰው በመጀመሪያ ደረቅ ቅጠል፣ ከሥሩ የረጠበና የተበሳሳ ቅጠል፣ ከዚያም ቅጠልነቱን የረሳ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እንጉዳይ እንጉዳይ የሚሸት አፈር ያገኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ጋት ጥልቀት ውስጥ ነው። በዚያች ጋት ውስጥ ነጫጭ የፈንገስ ክሮችና የቡናው ደቃቅ ሥሮች እንደ ጥልፍ ተጠላልፈዋል። ረጃጅም ዛፎች ሥራቸውን አርቀው ሰደው ሊታጠብ የነበረውን ካልሲየም ወደ ላይ ይስቡታል፤ በቅጠላቸው አድርገው መልሰው ይጥሉታል። ሰሳና ቢርቢራ የባቄላ ዘመዶች ስለሆኑ፣ ሥራቸው ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ። የወደቀ ቅጠል ዓመት እንኳ ሳይሞላው ፈርሶ ወደ ሥር ይመለሳል። ጎተራው እዚያም ተቆልፏል፤ ነገር ግን እህሉ ወደ ጎተራው ሳይገባ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚተላለፈው።

ጫካው ተመንጥሮ ሲታረስ የሚቋረጠው ይህ ቅብብል ነው። አዝመራው ይታጨዳል፣ ገለባው ለከብት ይሄዳል፣ ኩበቱ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ እያንዳንዱ ሸክም ትንሽ ካልሲየም ይዞ ይወጣል። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ራሱ በአፈር ውስጥ ሲለወጥ ተጨማሪ አሲድ ይፈጥራል። ዛሬ በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል፤ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ፣ ዝናብ የጠገበው አገር፣ ቀዳሚው ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ጎተራ እንሂድ።

ቱንድራ በሰሜን አላስካ፣ በሰሜን ካናዳ፣ በግሪንላንድ ዳርቻና በሳይቤሪያ ጫፍ የሚዘረጋ ምድር ነው። የሚያገኘው ዝናብና በረዶ በዓመት ብዙ ጊዜ ከ250 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በቁጥር ብቻ ከታየ የአፋር ቆላ ዓይነት ዝናብ ነው። የሚራመድበት ሰው ግን በበጋ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ምክንያቱ ከሥር ነው። ከመሬቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ዓመት ከዓመት የማይቀልጥ የበረደ አፈር አለ፤ ፐርማፍሮስት ይባላል። በበጋ የሚቀልጠው ከላይ ያለው ንጣፍ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ከ30 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። የቀለጠው ውሃ መውረጃ የለውም፤ ወለሉ የተለሰነ ገንዳ ውስጥ እንዳለ ውሃ እዚያው ይቆማል።

በዚህ ቅዝቃዜና ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ የሞተ ሣር አይበሰብስም። ደዶ ላይ ዓመት የማይሞላው ቅጠል እዚያ አሥርት ዓመታት ይቆያል፤ በላዩ ሌላው ይደረባል፤ እየተደራረበ ጥቁር አተላ ይሆናል። በሰሜኑ የፐርማፍሮስት ምድር ውስጥ በዚህ መንገድ የተከማቸው ካርቦን ወደ 1500 ቢሊዮን ቶን ይጠጋል፤ በከባቢ አየር ውስጥ ካለው እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ናይትሮጅኑም እዚያው አብሮ ተቀብሯል። መሬቱ በናይትሮጅን የተሞላ ሆኖ ሳለ ተክሉ በናይትሮጅን እጦት ይቀጭጫል። በደዶ ቁልፉ ብረትና አሉሚኒየም ነው፤ እዚህ ደግሞ ብርድ።

ተክሎቹ ለዚህ ያበጁት መላ የሚደንቅ ነው። ከሁሉ የምወዳት አንዲት ሣር አለች፤ በበጋ ጫፏ ላይ ነጭ የጥጥ ጉንጉን ስለምታወጣ የጥጥ ሣር ይሏታል። ሥሮቿን በየዓመቱ እንደ አዲስ ታበቅላለች። በረዶው ከላይ ወደ ታች እየቀለጠ ሲሄድ ሥሯም እግር በእግር ይከተለዋል፤ ውሃ ሊረጋ በሚደርስበት ብርድ ውስጥ ወደ ታች ያድጋል፤ በበጋው መጨረሻ ይሞታል። ሌሎች ተክሎች በዚያ ጊዜ ገና ሙቀት ይጠብቃሉ። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ሌላ ምስጢሯን ገለጠ። ትምህርት ቤት የተማርነው ተክል ናይትሮጅን የሚወስደው ባክቴሪያ አፈራርሶ ካቀረበለት በኋላ እንደሆነ ነው። የጥጥ ሣሯ ግን ያን አትጠብቅም፤ ያልፈረሰውን አሚኖ አሲድ እንዳለ በሥሯ ትመጥጠዋለች። ባለወፍጮው እስኪመጣ ሳትጠብቅ ጥሬውን ትቆረጥማለች።

ዛፍ የሌለውም በብርዱ ብቻ አይደለም። ሥር የሚሰድበት ጥልቀት የለም፤ አፈሩም በየክረምቱ ሲረጋ ያብጣል፣ ሲቀልጥ ይሰምጣል፤ ችግኝን ከነሥሩ ገፍቶ ያወጣዋል። ስለዚህ የሚኖረው ዝቅ ያለ ነው፦ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ የአኻያ ዘር፣ እንደ ትራስ የተሰበሰበ አበባ፣ ሞስ፣ ላይክን። ላይክን ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ በደጋችን ከዛፍ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት የዚያው ወገን ነው።

በቱንድራ ውስጥ ግን የአፈርን ሥልጣን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው አንድ ድንበር ነው፤ ሰው ያላሰመረው። ሰሜን አላስካ ውስጥ፣ ቱሊክ ሐይቅ ከሚገኘው የምርምር ጣቢያ ራቅ ብሎ፣ ሰማዩ አንድ፣ ብርዱ አንድ፣ ቁልቁለቱ አንድ የሆነ ሜዳ በድንገት ሁለት ይሆናል። በአንድ ወገን የጥጥ ሣር ጉብታዎች፣ ድንክ የበርች ቁጥቋጦና ውሃ የጠጣ ወፍራም ሞስ አሉ። በሌላው ወገን ሞሱ ይሳሳል፤ ልዩ ልዩ ሣሮችና ዝቅ ያሉ ነጫጭ አበቦች ይበዛሉ፤ የተክል ዓይነቶቹም ብዛት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ዶናልድ ዎከር የተባሉት የዕፅዋት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ድንበሩ የፒኤች ድንበር መሆኑን አሳዩ። የመጀመሪያው አፈር ፒኤቹ ከ5.5 በታች ነው፤ የሁለተኛው ከ6.5 በላይ።

ለምን ተለያየ? አንደኛው ገጽ የበረዶ ግግር ቀድሞ የለቀቀው አሮጌ መሬት ነው፤ ለረጅም ዘመን ሲታጠብ ኖሯል። ሁለተኛው ወጣት ነው፤ በአቅራቢያው ያለው ትልቅ ወንዝ ዳር የሚነሳው ኖራ ያዘለ ደቃቅ አቧራም በነፋስ እየመጣ ያርፍበታል። ይህን ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ የደዶ ማሳ ነው። ሙቀቱ በየትኛውም መለኪያ የማይቀራረብ ሁለት አገር ላይ፣ አንድ ቁጥር ከ5.5 በታች መውረዱ ማን እንደሚበቅልና ማን እንደሚቀር ይወስናል።

የአቧራው ነገር ከዚህም ይቀጥላል። በ1974 እ.ኤ.አ. የተሠራው የዳልተን ጎዳና ያንኑ ቱንድራ አቋርጦ ወደ ሰሜን ውቅያኖስ ይሄዳል። አብዛኛው ጠጠር መንገድ ነው፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ኖራማ አቧራ ግራና ቀኝ ይበተናል። ተመራማሪዎች ከመንገዱ ዳር ወደ ውስጥ እየተራመዱ ሲለኩ፣ መንገዱ አጠገብ የአፈሩ አሲድ ቀንሶ፣ አሲድ ወዳዱ ሞስ ሞቶ፣ ሌላ ዓይነት ተክል ገብቶ አገኙ። ማንም ሳያስበው የጭነት መኪናዎች መሬቱ ላይ ኖራ ጨምረዋል። ለደዶው ማሳ መድኃኒት የሚሆነው ነገር ለዚያ ሞስ መርዝ ነበር። ጥሩ አፈርና መጥፎ አፈር ብሎ መናገር የሚያስቸግረኝ ለዚህ ነው፤ ለማን ተብሎ ካልተጠየቀ ትርጉም የለውም። ከደዶ ጎጀብን ተሻግሮ፣ ቦንጋ አጠገብ የሚገኘው የውሽውሽ ሻይ ተክል ገብሱን የሚያቀጭጨውን ዓይነት አሲዳማ አፈር ፈልጎ ይለመልማል፤ አሉሚኒየሙንም ያለ ጉዳት በአሮጌ ቅጠሎቹ ያጠራቅማል። ድንች ይታገሳል፤ አጃና የጎጃሙ ግብጦም እንዲሁ። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ደግሞ እህል እምቢ ባለው አሲዳማ መሬት ላይ ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክለው ከሰል እያከሰሉ መተዳደር ከጀመሩ ቆዩ።

ለመሆኑ ኢትዮጵያ ቱንድራ አላት? ፐርማፍሮስት የለንም። ባሌ ላይ፣ 4000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው የሳነቲ አምባ ግን የቅርብ ዘመዱ ነው፤ በላዩ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ይደርሳል። ቱንድራ ክረምትና በጋ የሚላቸውን ሁለት ወቅቶች ሳነቲ በአንድ ቀን ውስጥ ታሳልፋቸዋለች፤ ብዙ ሌሊት አፈሩ ይረጋል፣ ረፋድ ላይ ይቀልጣል። ማለዳ የሄደ ሰው አፈሩን ገፍተው የቆሙ እንደ መርፌ የቀጠኑ የበረዶ ዘንጎች ያያል፤ የሚያደርጉትም ያንኑ ነው፣ ችግኝን ከነሥሩ ያነሳሉ። በዚያ የሚጸናው ወይ እንደ ጅብራ ግዙፍ ነው፣ ወይ መሬት የለጠፈ። ከአምባው ዝቅ ብሎ የሚገኘው አስታም በቱንድራ ካሉት ድንክ ቁጥቋጦዎች ከብዙዎቹ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ በሥሩ የሚኖረው ፈንገስ ካልፈረሰ ቅጠል ውስጥ ምግብ ያወጣለታል። ሳነቲ ላይ ከዚህም የበለጠ ማስረጃ አለ። መቶዎች ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ ድንጋይ በድንጋይ የተሰለፉ ሰፋፊ መስመሮች አሉ፤ ሰው የደረደራቸው ይመስላሉ። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን አፈሩ እየረጋና እየቀለጠ ድንጋዩን ከደቃቁ የለየባቸው አሻራዎች ናቸው። አገራችን አንድ ጊዜ የዋልታ ምድር የሚሠራውን ሥራ ሠርታለች።

ሳነቲ ላይ አፈሩን የሚገለብጠው ግዙፉ ፍልፈል ነው፤ እየቆፈረ ከሥር ያለውን ያወጣል፣ የወጣበት ቦታም ዕፅዋቱ ይለወጣል። በቱንድራ ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ እንስሳ አለ። በካናዳ ቸርችል አካባቢ የዋልታ ቀበሮ ጉድጓዶች ከሩቅ ይታያሉ፤ ግራጫ ሜዳ መሃል ብቻቸውን አረንጓዴ ናቸው። ቀበሮዎቹ አንዱን ጉድጓድ ለአሥርት ዓመታት፣ ትውልድ በትውልድ ይወልዱበታል፤ የሥጋ ትርፍራፊው፣ አጥንቱ፣ ኩሱ፣ ሽንቱ እዚያ ይከማቻል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በጉድጓዶቹ ላይ የሚገኘው ዕፅዋት በዙሪያው ካለው ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። ምግብ ከሰፊ ሜዳ ይለቀማል፣ በአንዲት ጉብታ ላይ ይራገፋል።

የደዶው ጓሮም አሠራሩ ይኸው ነው። ቤቱ መሃል ላይ ነው፤ በዙሪያው እንሰቱ፣ ጎመኑ፣ ጥቂት እግር ቡና፤ ከዚያ ቦቆሎው፤ ከዚያ ወዲያ ጤፉና ገብሱ። ከብቶቹ ቀን ከተዳፋቱና ከግጦሹ ይበላሉ፤ ማታ ቤት መጥተው እበታቸውን ይጥላሉ። እበቱ በየጠዋቱ ተዝቆ እንሰቱ ሥር ይወርዳል። ተዳፋቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ጓሮው ይሰደዳል። እንሰቱ እንደዚያ ቅጠሉን ዘርግቶ የሚንጎማለለው ከሁለት መቶ እርምጃ በላይ ባለ ገብስ ኪሳራ ነው። ይህን የድሮ ገበሬ ያውቀዋል፤ በረቱን በየጊዜው እያነሳ ራቅ ባለ ማሳ ላይ ያሳድር የነበረው ለዚህ ነው። ዛሬ መሬቱ ጠብቦ፣ ከብቱ አንሶ፣ በረቱ ከቤቱ አጠገብ ቆሟል።

ለተዳፋቱ የተገኘው መድኃኒት የግብርና ኖራ ነው፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ። ኖራው አሲዱን ያበርዳል፣ አሉሚኒየሙን መልሶ ያስራል፣ ፎስፈረሱም ይለቀቃል። ሥራውን በሚገባ ይሠራል። የሚያስቸግረው ሸክሙ ነው። በጣም ለኮመጠጠ አንድ ሄክታር 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40 ኩንታል ያስፈልጋል። ዩሪያ ሁለት ኩንታል ይበቃል፤ በአህያ ይደርሳል። 40 ኩንታል ኖራ መኪና በማይገባበት ተዳፋት ላይ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ያን ቀን ማሳው ድረስ የወጣሁበት መንገድ በቂዬ ነበር። የኖራን ጥቅም የሚያስተምር ሰው ይህን ሸክም ካልቆጠረው ገበሬውን ሰነፍ ይለዋል፤ ይህ ደግሞ ግፍ ነው። በአንድ ጊዜ መላውን ማሳ ከመሸፈን ይልቅ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ በዘር መስመሩ ውስጥ ብቻ መጨመርም አለ፤ አቅም ላነሰው ሰው መጀመሪያ ይሆነዋል።

ከማሳው ወርደን ጓሮው ስንደርስ፣ የያዝኩትን የፒኤች ወረቀት አውጥቼ ሁለቱን አፈሮች በንጹሕ ውሃ በጠበጥኩ። የተዳፋቱ ወረቀቱን ወደ ቢጫ ወሰደው፤ የጓሮው አረንጓዴ አደረገው። ሽማግሌው ሁለቱን ወረቀቶች መዳፋቸው ላይ አኑረው ትንሽ አዩአቸው። እበት አሲድን እንዲህ ያበርዳል ብዬ አልጠበቅሁም ነበርና ሌላ የሚጨምሩት ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ሳይመልሱ ባለቤታቸው ከማጀት ወጡ። የተሰበረ ገበታ ላይ የምድጃ አመድ ይዘዋል። ወደ እንሰቱ አለፉ፤ ጎንበስ ብለው አመዱን በአንዱ እንሰት ሥር ዙሪያውን ነሰነሱት፤ ገበታውን ግንዱ ላይ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አድርገው ተመለሱ።

አመድ በካልሲየም የተሞላ ነው። ጫካው ከጥልቅ ስቦ ያወጣው፣ በማገዶ ወደ ቤት የገባው ካልሲየም። «ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚደፉት?» አልኳቸው።

«እናቴም እዚሁ ነበር የምትደፋው» አሉኝ፤ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ቡናውን ለማፍላት ገቡ።